ስለ ኔል፦ ያለ ዕረፍት ስታነብ ስለ ኖረች የኮምፒዩተር ተማሪ

በ2010 በጃንዋሪ ወር በአሜሪካ አገር፣ በፒትስበርግ ከተማ በሚገኘው በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርስቲ አንዲት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ማንበብ ጀመረች። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ሌሊትና ቀን፣ ሰንበትና በዓል ሳትል፣ በኢንተርኔት ላይ የወጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበበች ከውስጡ ያገኘችውን ነገር በመዝገብ ታሰፍር ነበር። የሰጧት ስም ረዥም ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ፍጻሜ የሌለው የቋንቋ ተማሪ» ማለት ሲሆን፣ ከእንግሊዝኛው ቃላት የመጀመሪያዎቹ ፊደሎች ተለቅመው ኔል ተባለች። ኔል በእንግሊዞች ዘንድ የሴት ስም ስለ ሆነ እኔም በዚሁ አኳኋን እጠራታለሁ።

የታሪክ ተማሪ ስለ ኮምፒዩተር ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የሒሳቡን ረቂቅ ክፍል ለሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን እተወዋለሁ። ነገር ግን ኔል እንድትሠራው የታዘዘችው ሥራ እኛ በጥናታችን ዘወትር ከምንሠራው የራቀ አይደለም። ከተጻፈው ነገር መካከል የትኛውን ማመን ይገባል? ስንት ምስክር ሲገኝ ይበቃል? ምስክሮቹስ በእርግጥ የተለያዩ ናቸውን፣ ወይስ አንዱ ከሌላው የቀዳ ነው? የኔል ታሪክ በጋዜጣ ሲነገር የብዛት ታሪክ ይመስላል፤ ይህን ያህል መቶ ሺሕ፣ ይህን ያህል ሚሊዮን ነገር ዐወቀች እየተባለ ይቈጠራል። እኔ በበኩሌ የምስክርነት ታሪክ ሆኖ ነው ያገኘሁት፤ ከዚህ በታች የማቀርበውም በዚሁ ዐይን ያየሁትን ነው።

አሳቡ ከኔል በብዙ ዓመት ይቀድማል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ በ1950 «ማይንድ» በተባለው የፍልስፍና መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ የጐልማሳን አእምሮ የሚተካ መኪና በአንድ ጊዜ ለመሥራት ከመድከም ይልቅ የሕፃንን አእምሮ የሚመስል ሠርቶ ማስተማር እንደሚሻል አመለከቱ። ይህን ሕፃን ከሰው ልጆች ጋር ትምህርት ቤት ቢልኩት ሌሎቹ እንደሚያላግጡበትም በቀልድ አንሥተዋል። በ1958 አሜሪካዊው ጆን ማካርቲ፣ ለሰው ሁሉ ግልጽ የሆነውን ተራ ዕውቀት ተቀብሎ ከዚያ በመነሣት የሚያስብ ፕሮግራም እንዲሠራ አሳብ አቀረቡ። ነገር ግን ይህን ተራ ዕውቀት ማን ይጽፈዋል?

ዳግላስ ሌናት የሰጡት መልስ ሰው ራሱ ይጻፈው የሚል ነበር። በ1984 በቴክሳስ፣ በኦስቲን ከተማ፣ ሳይክ የተባለውን ሥራ ጀመሩ። የሞተ ሰው ገበያ አይወጣም፤ ልጅ በዕድሜ እናቱን አይበልጥም፤ የዚህ ዓይነቱን፣ ማንም ሳይነገረው የሚያውቀውን ነገር ሠራተኞቹ አንድ በአንድ በሎጂክ ቋንቋ እየጻፉ ለኮምፒዩተር ሰጡ። የቁም ጸሓፊን ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። በ1994 ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆነ፤ ሌናትም በ2023 እስከ ሞቱ ድረስ አልተለዩትም። አንዳንድ ሰዎች ይህን ድካም ከንቱ ነው ብለው ያቃልሉታል፤ እኔ አላቃልለውም። በዚያ መዝገብ የገባው ነገር ቢያንስ ሰው አስቦበት የገባ ነው። ጕድለቱ፣ የሚጻፈው ነገር ማለቂያ የሌለው ሲሆን የጸሓፊው እጅ ግን ውሱን መሆኑ ነው።

ሁለተኛው መንገድ አስቀድሞ ከተጻፈው መልቀም ነው። በ1992 ማርቲ ኸርስት የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ ቀላል የሚመስል ነገር አሳዩ። በአማርኛ ምሳሌ ላስረዳ፤ አንድ ሰው «እንደ ጤፍ፣ ገብስና ዘንጋዳ ያሉ እህሎች» የሚል ሐረግ ቢያነብ፣ ዘንጋዳን በሕይወቱ አይቶት ባያውቅ እንኳ የእህል ዓይነት መሆኑን ይረዳል። ያስረዳውም «እንደ» እና «ያሉ» የተባሉት ቃላት የቆሙበት ቦታ ነው። እንግዲህ ኮምፒዩተር የቃላቱን ትርጕም ባያውቅ እንኳ ይህን አቀማመጥ በየገጹ እየፈለገ ብዙ ነገር ሊሰበስብ ይችላል። ኸርስት ይህን በእንግሊዝኛ ሞክረው እንደሚሠራ አረጋገጡ።

ከስድስት ዓመት በኋላ በስታንፎርድ ዩኒቨርስቲ ተማሪ የነበሩት ሰርጌይ ብሪን አሳቡን አንድ ርምጃ ወሰዱት፤ እኒህ ሰው በዚያው በ1998 ከጓደኛቸው ጋር ጉግልን ያቋቋሙት ናቸው። ለኮምፒዩተሩ የሰጡት አምስት መጻሕፍትን ከነደራሲያቸው ብቻ ነው፤ ከነዚህ አንዱ የዲከንስ፣ አንዱም የሼክስፒር ነበር። ኮምፒዩተሩ እነዚህ አምስቱ በኢንተርኔት ገጾች ላይ በምን አኳኋን እንደ ተጻፉ ተመለከተ፤ ያንኑ አጻጻፍ ተከትሎ ሌሎች መጻሕፍትን አገኘ፤ ከአዲሶቹ መጻሕፍት ደግሞ አዲስ አጻጻፍ ተማረ፤ በዚሁ አኳኋን እየዞረ ከ15,000 በላይ መጻሕፍት ከነደራሲያቸው አወጣ። ከጥቂት እርሾ ብዙ ሊጥ እንደሚቦካ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ብሪን በጻፉት ሪፖርት ውስጥ ከቍጥሩ ይልቅ እኔን የሳበኝ አንዲት ትንሽ ነገር ናት። በሥራው መካከል 242 መጻሕፍት አንድ ደራሲ ብቻ ተገኘላቸው፤ ስሙም «ኮንክሉዥን» ይባላል። ቃሉ በእንግሊዝኛ መደምደሚያ ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ በገጹ ላይ ይህን ቃል የደራሲ ስም በሚቀመጥበት ስፍራ ስላገኘው ደራሲ አድርጎ ሾመው። ብሪን እነዚህን 242 በእጃቸው ሰረዙ፤ በሥራው ሁሉ የሰው እጅ የገባበት ይህ ብቻ መሆኑንም ጽፈዋል። ባይሰርዟቸው ኖሮ ግን በሚቀጥለው ዙር ኮምፒዩተሩ የመደምደሚያን መጻሕፍት አጻጻፍ ያጠና ነበር፤ ከዚያም የመቅድምን፣ የማውጫን መጻሕፍት መሰብሰቡ አይቀርም። ሊቃውንቱ ይህን ዓይነቱን ጥፋት የትርጕም መንሸራተት ይሉታል። የትናንቱ ስሕተት የዛሬው መምህር ይሆናል።

ለዚህ በሽታ መድኃኒት የፈለጉት፣ በኋላ ኔልን ለመሥራት የበቁት ፕሮፌሰር ቶም ሚቸል ናቸው። በዚያው በ1998 ከአቭሪም ብሉም ጋር ሆነው ባቀረቡት ጥናት፣ ለአንድ ነገር ሁለት የተለያዩ ምስክሮች ሲኖሩ አንዱ ሌላውን ሊያስተምር እንደሚችል አሳዩ። ሙከራቸው በዩኒቨርስቲ ገጾች ላይ ነበር፤ የትኛው ገጽ ስለ አንድ የትምህርት ኮርስ የሚናገር እንደ ሆነ መለየት ነው። አንዱ አንባቢ በገጹ ውስጥ ያሉትን ቃላት ብቻ ያያል፤ ሁለተኛው ገጹን ሳይከፍት፣ ሌሎች ገጾች ወደዚያ ሲመሩ የተጠቀሙባቸውን ቃላት ብቻ ያያል። ሰው መርምሮ ምልክት ያደረገባቸው ገጾች 12 ብቻ ነበሩ። ሁለቱ አንባቢዎች እርግጠኛ የሆኑበትን እየተለዋወጡ ሲማሩ ስሕተቱ ከ11 በመቶ ወደ 5 በመቶ ወረደ። ሆኖም በሒሳብ ያቀረቡት ማስረጃ የሚጸናው አንድ ነገር ሲሟላ ነው፤ ይኸውም ሁለቱ ምስክሮች ሳይመካከሩ ሲመሰክሩ ነው። አንባቢዬ ይህችን ቃል በልቡ እንዲይዛት እለምናለሁ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ኔል የተሠራችው በዚህ አሳብ ላይ ነው። ገንዘቡን ከሰጡት መካከል የአሜሪካ መከላከያ የምርምር መሥሪያ ቤት የሆነው ዳርፓና የጉግል ኩባንያ ይገኙበታል፤ ያሁ ደግሞ የኮምፒዩተሮቹን ኀይል አበደረ። በመጀመሪያ የተሰጣት ነገር ጥቂት ነበር፦ 123 የነገር ክፍሎች፣ ለምሳሌ ከተማ፣ ኩባንያ፣ ስፖርተኛ የመሳሰሉት፤ 55 ዝምድናዎች፣ ለምሳሌ እገሌ ለእገሌ ቡድን ይጫወታል የሚሉት፤ ለእያንዳንዱም ከ10 እስከ 15 የሚሆን ምሳሌ። የምታነበው ክምችት ግን 500 ሚሊዮን የእንግሊዝኛ ገጽ ነበር።

በውስጧ አራት አንባቢዎች ነበሩ ብንል አንሳሳትም። የመጀመሪያው በዐረፍተ ነገር ውስጥ የቃላቱን አቀማመጥ ያጠናል። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ትቶ በየገጹ የሚገኙትን ዝርዝሮችና ሰንጠረዦች ይመረምራል። ሦስተኛው የስሙን መልክ ብቻ ያያል፤ በትልቅ ፊደል መጀመሩን፣ መነሻና መድረሻ ክፍሉን። አራተኛው ምንም አያነብም፤ ሌሎቹ በመዝገብ ካገቡት ተነሥቶ ሕግ ያወጣል፤ ስፖርተኛው ለዚህ ቡድን ከተጫወተና ቡድኑ በዚያ ሊግ ውስጥ ከሆነ፣ ስፖርተኛውም በዚያ ሊግ ይጫወታል እንደ ማለት ነው። አራተኛው የሚያወጣቸውን ሕጎች በሥራ ላይ ከመዋላቸው በፊት ሰው አለፍ አለፍ እያለ ይመለከታቸው ነበር። ከዚህም ሌላ እርስ በርሳቸው የሚጠባበቁበት ደንብ ነበረ፤ ከተማ የሆነ ነገር ሰው ሊሆን አይችልም፤ ለቡድን ይጫወታል የተባለ ሁሉ አስቀድሞ ስፖርተኛ መሆን አለበት። አንዱ አንባቢ ቢስት ሌላው ይይዘዋል ተብሎ ታስቦ ነው። በአደባባይ ሙግት አንድ ምስክር ብቻውን ነገር እንደማያስረታ ለሚያውቅ አበሻ ይህ አሳብ እንግዳ አይሆንበትም።

የመጀመሪያዎቹ 67 ቀኖች ውጤት በ2010 ታተመ። ኔል 66 ዙር አንብባ 242,453 አዳዲስ እምነቶች መዝግባ ነበር፤ ተመራማሪዎቹ ከዚህ ውስጥ ናሙና አውጥተው ሲመረምሩ 74 በመቶ ያህሉ ትክክል ሆኖ ተገኘ። ከመቶ ሰባ አራት ለፈተና ጥሩ ማርክ ነው። ነገር ግን ጊዜው በሦስት ተከፍሎ ሲታይ ሌላ ነገር ይገለጣል። በመጀመሪያዎቹ 22 ዙሮች የገቡት እምነቶች 90 በመቶ ትክክል ነበሩ። በቀጠሉት 22 ዙሮች 71 በመቶ፤ በመጨረሻዎቹ 22 ደግሞ 57 በመቶ። ማለት፣ ተማሪዋ ባነበበች ቍጥር አዲስ የምትመዘግበው ነገር እየከፋ ሄደ።

ለዚህ ሁለት ምክንያት ማቅረብ ይቻላል። አንደኛው የዋህ ነው፦ ቀላሉ ነገር፣ ሁሉ የሚጽፈው ነገር፣ አስቀድሞ ተለቀመ፤ የቀረው አስቸጋሪው ነው። ሁለተኛው ያው የመደምደሚያ መጻሕፍት ነገር ነው። የኋለኛው ምክንያት እንዴት እንደሚሠራ በግልጥ የሚያሳይ ምሳሌ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ወጥቷል።

ኔል ከተሰጧት ክፍሎች አንዱ በምድጃ የሚጋገሩ ነገሮች የሚለው ነበር። ዳቦውን፣ ኬኩን፣ ብስኩቱን ያለ ችግር ለየች። በእንግሊዝኛ ብስኩት መሰሉ ነገር «ኩኪ» ይባላል። ይሁንና የኮምፒዩተር ሰዎች አንድ ገጽ በአንባቢው ኮምፒዩተር ላይ ትቶት የሚሄደውን ትንሽ የመለያ ጽሑፍም ኩኪ ብለው ሰይመውታል። ኔል «የኢንተርኔት ኩኪዎቼን ሰረዝሁ» የሚል አነበበች፤ ኩኪ የሚጋገር ነገር መሆኑን ታውቃለችና ይህንንም ከዳቦው ጋር መዘገበችው። ቀጥላም የሚሰረዝ ነገር ሁሉ የሚጋገር መሰላት። «ፋይሎቼን ሰረዝሁ» የሚል ስታገኝ የኮምፒዩተር ፋይልም ከምድጃ የወጣ ሆነ። ከዚያ በኋላ ስሕተቱ እንደ ናዳ ወረደ።

ልብ እንበል፤ እዚህ ላይ የዋሸ ማንም የለም። የተነበበው ዐረፍተ ነገር እውነተኛ ነው፤ የጻፈው ሰው በእርግጥ ኩኪዎቹን ሰርዟል። ኔልም የተሰጣትን ደንብ አልጣሰችም።

በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወሮች ኔል ለብቻዋ ማለት ይቻላል ስትሠራ ቈየች። ሲመረመር ከክፍሎቹ ሦስት አራተኛ ያህሉ መልካም ሲሆኑ የቀሩት እጅግ ተበላሽተው ተገኙ። ስለዚህ ከ2010 ጁን ወር ጀምሮ ተመራማሪዎቹ በየሁለት ሳምንቱ እያንዳንዱን ክፍልና ዝምድና ለአምስት ደቂቃ ያህል እየተመለከቱ ግልጽ ስሕተቱን መሰረዝ ጀመሩ። በኦክቶበር መዝገቧ 390,000 ያህል ነገር ይዞ 87 በመቶ ትክክል ነው ተባለ። አምስት ደቂቃ እጅግ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ያችው ትንሽ ነገር ናት መንሸራተቱን የያዘችው። ቀጥሎም ኔል ግምቷን በትዊተር ላይ እያወጣች የአላፊ አግዳሚውን እርማት እስከ መቀበል ደረሰች።

እንግዲህ አራት ምስክር ተይዞ እንዴት እንዲህ ሆነ? አሁን ቀደም ብዬ አደራ ወዳልኋት ቃል እመለሳለሁ። የአራቱ አንባቢዎች መንገድ የተለያየ ነበር፤ የሚማሩበት መዝገብ ግን አንድ ነው። የመጀመሪያው ያገባው ስም ለሦስተኛው ምሳሌ ይሆነዋል፤ ሦስተኛው የደገፈው ለአራተኛው የሕግ መነሻ ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ሳይመካከሩ የመሰከሩት ምስክሮች በሠላሳኛው ቀን አብረው የኖሩ ጎረቤቶች ሆነዋል፤ የአንዱን ወሬ ሌላው ያውቃል። እኛም የአንድ ንጉሥ ዜና መዋዕል ሦስት ቅጅ ሲገኝ ሦስት ምስክር አገኘን አንልም፤ ከአንድ እናት ቅጅ የተገለበጡ እንደ ሆነ አስቀድመን እንመረምራለን እንጂ። ይህ የራሴ አስተያየት ነው፤ ኔልን የሠሯት ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያጎሉት የደንቦቹን ጥቅም ነው፤ እርሱም ትልቅ ጥቅም እንደ ሆነ አልክድም። ያለ ደንቦቹ ጥፋቱ ፈጥኖ በመጣ ነበር።

ሌላ የታሪክ ተማሪን የሚያሳስብ ነገር አለ። በመጀመሪያ በተሰጣት የዝምድና ዝርዝር ውስጥ እገሌ ለእገሌ ቡድን ይጫወታል የሚል ሲኖር፣ ከመቼ እስከ መቼ የሚል ዓምድ የለም። ስፖርተኛ ቡድን ይለውጣል፤ ከንቲባ ይሻራል፤ ኩባንያ ይሸጣል። የአምስት ዓመት አሮጌ ገጽና የትናንት ገጽ በመዝገቧ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም በዘመናቸው እውነት የተናገሩ ናቸው። ዘመን የሌለው ዕውቀት ለጂኦግራፊ ይበቃ ይሆናል፤ ለእኛ ግን ጥሬ ዕቃ ብቻ ነው። በኋላ ይህን ለማረም የደከሙ ተማሪዎች ከዚያው ዩኒቨርስቲ ወጥተዋል።

በ2018 ሚቸልና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጽሑፍ የኔል መዝገብ ከ120 ሚሊዮን በላይ እምነቶች እንደ ያዘ ገለጹ። በምሳሌነት ያቀረቡት ሻይ ከብስኩት ጋር ይቀርባል የሚለውን ነበር፤ ሳነበው ከዚያ ሁሉ የኩኪ መከራ በኋላ ብስኩቱ ወደ ቦታው በመመለሱ ደስ አለኝ። ቍጥሩ ግን አያስደንግጠን። ከ120 ሚሊዮኑ አብዛኛው ኔል ሰምታው ገና ያላመነችው ወሬ ነው፤ ከፍ ባለ እርግጠኝነት የያዘችው ጥቂት ሚሊዮን ብቻ ነበር። ይህ አያያዝ በእኔ ግምት የሥራው ምርጥ ክፍል ነው፤ ለእያንዳንዱ ነገር ምን ያህል እንደምታምነው አብሮ ይጻፋል።

የእንግሊዝኛዋ ኔል እኅት በፖርቱጋልኛ ተጀምራ ነበር፤ የሠሯትም በብራዚል፣ በሳን ካርሎስ ዩኒቨርስቲ ያስተምሩ የነበሩትና ከሚቸል ጋር የሠሩት ኤስቴቫም ሩሽካ ከተማሪያቸው ጋር ሆነው ነው። አማርኛ ግን አልተሞከረም። ቢሞከር ሦስተኛው አንባቢ ገና ከመነሻው ይቸገራል፤ በፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ስለሌለ «ከበደ» የሰው ስም ይሁን የክብደት ግስ በመልኩ መለየት አይችልም። «ጎንደር»፣ «ከጎንደር»፣ «የጎንደር»፣ «በጎንደርም» የሚሉትንም አራት ከተማ አድርጎ እንዳይቈጥር መነሻና መድረሻ ፊደሎችን መነጠል አስቀድሞ መማር አለበት። ከዚህም ይልቅ የሚከብደው የገጹ ቍጥር ነው። የኔል ዘዴ የቆመው አንድ ነገር በብዙ ገጽ፣ በብዙ አነጋገር ተደጋግሞ መጻፉ ላይ ነው፤ በአማርኛ አንድ ጊዜ ብቻ የተጻፈ፣ ወይም ከነጭራሹ በቃል ብቻ ያለ ብዙ ነገር አለ።

ፍጻሜ የሌለው የተባለው ንባብ በ2018 ቆመ፤ ዙሮቹ ከ1,000 አልፈው ነበር። ከዚያ ወዲህ የገነኑት ታላላቅ የቋንቋ ሞዴሎች የሚያነቡት ከኔል እጅግ የበዛ ነው፤ ነገር ግን መዝገብ አይይዙም። የሚማሩት የሚቀጥለውን ቃል መገመት ነው፤ ያነበቡትም ነገር በቢሊዮን በሚቈጠሩ ቍጥሮች ውስጥ ተበትኖ ይቀመጣል። የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ የትኛው ገጽ እንዳሳታቸው ነቅሶ ማውጣት አስቸጋሪ ነው። ኔል በዕውቀት ከእነርሱ ጋር አትወዳደርም። ሆኖም በመዝገቧ ከእያንዳንዱ እምነት አጠገብ በስንተኛው ዙር እንደ ገባ፣ ከአንባቢዎቹ የትኛው እንደ መሰከረለትና በምን ያህል እርግጠኝነት እንደ ተያዘ ተጽፏል፤ የኮምፒዩተር ፋይል በምን መንገድ ከዳቦ ጋር እንደ ተመዘገበ ፕሮፌሰር ሚቸል ለጋዜጠኛው ሊያስረዱ የቻሉትም ዝርዝሩን ወደ ኋላ እየተከተሉ ኩኪው እስከ ገባበት ስፍራ ድረስ ስለ ሄዱ ነው።